ላልቶም ጠብቆም

ፊደላችንን እወደዋለሁ። አንድ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ የትኛው ሆሄ ጠብቆ፣ የትኛው ላልቶ እንደሚነበብ አይናገርም። "ገና" ብሎ ይጽፍና በዓሉ ይሁን ጊዜው ያልደረሰ ነገር አንባቢው ራሱ ይወቅ ብሎ ዝም ይላል። ይህን ሳነሳ የሚስቁብኝ አሉ። "አንተ ደግሞ፣ ሰው ስንት የሚናደድበት ነገር እያለ!" ይሉኛል። ይሳቁ። በዚህ ዝምታ የተነሳ የአንዲት ሴት ትዳር ገደል አፋፍ ሲደርስ አይቻለሁ፤ ፊደል ያስቆጠርኳት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ከተጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ይመስለኛል። እኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከመሀል አገር ተዛውሮ የመጣ ጸሐፊ ስለነበር የተወለድኩትም ያደግኩትም ጅማ ነው። ምኞቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ማጥናት ነበር። ማትሪክ ተፈተንኩ፤ ውጤቱ ሲመጣ ለምኞቴ የሚሆን አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ አንድ ካርቶን ጠመኔና አንድ እሽግ የፊደል መጽሐፍ አስይዘው የቡ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ላኩኝ፤ ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን ማንበብ እንዳስተምር።

መናደዴን አልደብቅም። የቡ ለጅማ ቅርብ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ ልብሴን አሳጥቤ እመለስ ነበር። ለእኔ ግን የዓለም ዳርቻ ነበረች። አብረውኝ የተማሩት አዲስ አበባ ገብተው ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ ይዘው ሲሄዱ ይታየኛል፤ እኔ በዝናብ የጨቀየ ጫማዬን በእንጨት እየፋቅኩ "ሀ በሉ" እላለሁ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት "ልጄ፣ ፊትህን ምነው አጨማደድከው?" ይሉኝ ነበር። እንቅልፍ ነው እላለሁ።

ፍልስፍናውን ግን አልተውኩትም። ጅማ እሄድበት የነበረው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ "ፍልስፍና ከደመና አይወርድም፤ ከዕለት ተዕለት ኑሮ ይወጣል" ይል ነበር። ይህንንም የሚለው ከያዘው መጽሐፍ እያነበበ ነው፤ ኑሮን ቀና ብሎ ሲያይ አጋጥሞኝ አያውቅም። ቢሆንም ነገሩ ልቤ ገባ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛሁና በየቀኑ አንድ ተራ ነገር እየመረጥኩ፣ አተኩሬ እያየሁ፣ ትርጉሙን መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ቀን ምስማር፣ አንድ ቀን የተሰነጠቀ ብርጭቆ፣ አንድ ቀን የአከራዬ ጃንጥላ። ስለ ምስማሩ "ራሱን እየተመታ የሚጸና" ብዬ መጻፌ ትዝ ይለኛል። ዛሬ ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል። ምስማሩን አንድ ደቂቃ እንኳ አላየሁትም ነበር፤ ሐሳቤ ሁሉ ስለ ምስማር ምን ብል እንደሚያምርብኝ ነው። ነገሮቹም ያኮረፉኝ ይመስል ምንም አይነግሩኝም። ደብተሩ ይሞላል፣ እኔ እንዳለሁ ነኝ። ይህ ራሱ ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

የማስተምርበት መጋዘን ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም አዳራሽ ነበር። ሴቶቹ መሬት ላይ በሁለት ረድፍ ተቀምጠው፣ ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከተፈለፈለው ቡና መሀል ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለቀሙ ይጥላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰፌዱ ወደ ጥግ ይሰበሰባል፤ ጥቁር ቀለም የተቀባው ግድግዳ ሰሌዳ ይሆናል፤ እኔ እመጣለሁ። በዚያን ሰዓት ደክሟቸዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ቀበሌው የቀረውን ሰው ስለሚጠይቅ ግን ይቀመጣሉ። አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ የተዘጋጀው መጽሐፍ እኛ ጣቢያ ስላልደረሰ ከፊደሉም ከአማርኛውም ጋር ባንዴ መታገል ነበረባቸው። እኔ ኦሮምኛውን የጅማ ልጅ እንደሚያውቀው አውቃለሁ፤ ለገበያና ለጨዋታ ይበቃኛል።

ከመካከላቸው አንዷ ሁልጊዜ መስኮት ሥር ነበር የምትቀመጠው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት ከበቆሎው ጭነት ሥር የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሁለት ጆንያ ቡና ተገኝቶ ኬላ ላይ ተያዘና ከጊቤ ማዶ ታሰረ። ያኔ ቡና ያለ ፈቃድ ማንቀሳቀስ ቀልድ አልነበረም። እሷ ስንቅ እንዳታመላልስ ሩቅ ነው። በሰው አፍ የሚመጣላት መልእክት ደግሞ ስንት ሰው አፍ ውስጥ ታሽቶ እንደሚደርስ ይታወቃል።

"በርሲሳ" አለችኝ በመጀመሪያው ሳምንት። መምህር ማለቷ ነው። "እኔ መጽሐፍ ማንበብ አልፈልግም። የባሌን ደብዳቤ ሰው ሳያነብልኝ ራሴ ማንበብ ነው የምፈልገው። እሱ ስንት ወር ይፈጃል?"

"እንደ ጉብዝናሽ ነው" አልኳት።

"ጎበዝ ነኝ" አለች። ጉራ አልነበረም፤ እንደ ዕድሜዋና እንደ አገሯ ነው የነገረችኝ።

አንድ ቀን ቀደም ብዬ ሄጄ ሥራዋን ቆሜ አየሁ። የዚያን ቀን የደብተሬ ተረኛ የቡና ፍሬ ነበር። ከሰፌዱ ላይ አንዲት ፍሬ አንስታ ወረወረች። ፍሬዋ ለእኔ ምንም አልሆነችም፤ ጥቁር አይደለች፣ አልተሰበረች።

"ይቺ ደግሞ ምን አደረገችሽ?" አልኳት።

ፍሬዋን መልሳ አነሳችና በጥርሷ ሰብራ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። የበሰበሰ ነገር ሸተተኝ። "እንዲህ ያለችው አንዷ ጆንያውን ሁሉ ታበላሻለች" አለች።

"ሳትሰብሪያት ከምኗ አወቅሽ?"

"ኢላሊ፣ እያት" ብላ ሌላ እንደዚያው ያለች ፈልጋ ከደህናዋ ጎን መዳፏ ላይ አስቀመጠችልኝ። በጥፍሯ ጫፍ መሀላቸው ላይ ያለውን ስንጥቅ አሳየችኝ። የደህናዋ ነጣ ያለ ነው፤ የሌላዋ በጣም ትንሽ ቀላ ይላል። ከነገረችኝም በኋላ ልዩነቱን ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። ቤቴ ገብቼ ስለ እውነትና ሐሰት ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ስንጥቁ ግን አንድም ቃል የለበትም፤ ተራ ነገር መስሎኝ ይሆናል፤ ተራ ነገር ፍለጋ የወጣሁት ሰውዬ።

በሦስተኛው ወር ፊደሉን ጨርሰን ዐረፍተ ነገር ገባን። "እንጀራ ይበላል፤ ውሃ ይጠጣል" ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና አንብቢ አልኳት። እያንዳንዱን ሆሄ ለይታ፣ ልክ እንደተጻፈው፣ አንዱንም ሳታጠብቅ አነበበችው። አማርኛውን የሚያውቁት ሁለት ሦስት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እሷ እንዳነበበችው ከሆነ በላተኛው እንጀራው ራሱ ነው።

"እንጀራው ማንን ነው የሚበላው? እኛን ነው?" አለች አንዷ።

"ዘንድሮማ ሳይበላን አይቀርም!" አለች ሌላዋ። አዳራሹ ተንጫጫ።

እሷ አልሳቀችም። "ምኑን ተሳሳትኩ?" አለችኝ። "በ"ንም "ላ"ንም ጠበቅ አድርጊያቸው ብዬ አነበብኩላት። ተነስታ ወደ ሰሌዳው መጣች። ጣቷን "በ" ላይ አደረገች።

"መጥበቁ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?"

"አይጻፍም።"

"አንተ ታዲያ ከምኑ አወቅክ?"

"ይታወቃል።"

"ምልክት የለውም?"

"የለውም አልኩሽ እኮ!"

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ቁጭ ብዬ እንዲህ ሁለት መንገድ የሚሄዱ ቃላትን በሰሌዳው ላይ በተርታ ብጽፍላቸው፣ አንድ ሰዓት ብቻ ባጠፋ፣ የኋላው ሁሉ ባልመጣ ነበር። ግን ቆርቆሮው ይግላል፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ጥያቄው ደግሞ መልስ የሌለኝ ጥያቄ ነው። መልስ የሌለው መምህር ምን ያደርጋል? ይቆጣል። "እንጀራ በላተኛ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ አይደል? በቃ! ምን ሊል እንደሚችል አስቀድመሽ ታስቢያለሽ፣ እንዳሰብሽው ታነቢዋለሽ" ብዬ ዘጋኋት።

"ቶሌ፣ እሺ" አለችና ወደ ቦታዋ ስትመለስ በኦሮምኛ "ቡና እንዲህ ቢለቀም ማን ያሠራን ነበር?" ስትል ሰማኋት። ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሰሌዳውን አጠፋሁ፤ አንጀቴ ግን አርሯል። ልክ መሆኗ ነው ያሳረረኝ።

ደብዳቤው የመጣው በአራተኛው ወር ነው። አንድ ሾፌር በሩ ላይ ሰጥቷት ሄደ። ትምህርቱ ሊጀመር ነበር። መስኮቷ ሥር ሄዳ ዘርግታ ያዘችው።

"ላንብብልሽ?" አልኳት።

"ራሴ" አለች።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! በአራት ወር ውስጥ ያን ቀን ብቻ ነው ጠመኔ በመያዜ ያልተናደድኩት። ሌሎቹን ዝም አሰኝቼ አየኋት፤ ለደብተሬ ካየሁት ነገር ሁሉ ይልቅ አተኩሬ አየኋት። ጣቷ ከሆሄ ወደ ሆሄ ይሄዳል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወረቀቱ መሀል ላይ ሲደርስ ጣቷ ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሳ አነበበች። እንደገና ተመለሰች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ቦታዋ ተቀመጠች። ትምህርቱ እስኪያልቅ አንገቷን አላቀናችም።

የዚያን ቀን የጻፍኩትን ብረሳው ደስ ባለኝ። "ዛሬ አንዲት ሴት በፊደል ነፃ ስትወጣ በዓይኔ አየሁ። የደስታ እንባ አነባች።" የደስታ! ከእንባው ላይ ደስታን ማን አነበበው? እኔ ነኛ። ሊሆን ይገባዋል ያልኩትን ፊቷ ላይ አነበብኩና፣ አየሁ ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ አልመጣችም። በሣልስቱም። ስሟ ፊት በቀይ እስክሪብቶ "ቀሪ" እያልኩ ስሞላ ንዴቴ እየባሰ ሄደ። የምትፈልገውን አገኘች፣ ደብዳቤዋን አነበበች፣ ከዚህ በኋላ እኔ ምኗ ነኝ? ብዬ በልቤ ውለታ ቢስ አልኳት። ምን ነካት ብዬ መጠየቅ ይቻል ነበር። ጎረቤቷ እዚያው ፊቴ ተቀምጣ ዐረፍተ ነገር ትቆጥራለች። አልጠየቅኩም።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ቀን ትምህርት እንደጀመርን አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ከሲታ ነው፤ ራሱ ተላጭቷል፤ በእጁ አንዲት የጨርቅ ቦርሳ ይዟል። ሴቶቹ ሲያዩት አወቁት። ባሏ ነበር። ቤቱ ሲደርስ በሩ ተቆልፎ ነው ያገኘው።

"አሰላሙ ዐለይኩም። ሚስቴ የት ናት?" አለ በኦሮምኛ።

መልስ የሰጠችው ጎረቤቷ ናት። "አባቷ ቤት ሊሙ ሄዳለች፤ ዕቃዋንም ወስዳለች። ፈትተህ ስታበቃ ደግሞ ልትጠይቃት መጣህ?"

"ማን ነው የፈታት?"

"አንተ ነሃ! 'ና ሂኬ' ብላ ነው አልቅሳ የሄደችው። በደብዳቤ ፈታኝ ብላ።"

ሰውየው ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ያን ደብዳቤ ማን አነበበላት?"

የሴቶቹ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "ራሷ ናት ያነበበችው" አልኩ። ድምፄ እንደ ተከሳሽ ነበር።

"እኔ መጻፍ አልችልም። አብሮኝ የታሰረ አንድ ሰው ነው በአማርኛ የጻፈልኝ። ያልኩትን ግን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ወላሂ" አለና በጣቱ መቁጠር ጀመረ። "ደህና ነኝ አልኩ። ስላለፈው ሁሉ ይቅር በይኝ አልኩ፤ በዚያ መኪና አትሂድ ብላኝ ነበርና። በወሩ መጨረሻ ነን ሂከማ አልኩ። ለአባትሽም ንገሪያቸው አልኩ። ሌላ ምን አልኩ?"

ነን ሂከማ። ከእስር እፈታለሁ ማለት ነው። ነገሩ ባንዴ ወለል ብሎ ታየኝ። ያ እስረኛ ወረቀቱ ላይ የጻፈው "እፈታለሁ" ብሎ ነው፤ ሌላ ምን ይጻፍ? "ፈ"ም "ታ"ም ጠብቀው ሲነበቡ ሰውየው ከእስር ይወጣል። ላልተው ሲነበቡ ሚስቱን ይፈታል። እሷ አላልታ ነው ያነበበችው። ከላይ ይቅርታ አለ፤ ከታች "ለአባትሽም ንገሪያቸው" አለ። ሰው ሚስቱን ሲፈታ ከዚህ ሌላ ምን ይጽፋል?

ለሰውየው ማስረዳት ነበረብኝ። ማንበብ እንደማይችል እያወቅኩ ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት። አንዴ አጠበቅኩለት፣ አንዴ አላላሁለት። እሱ ሰሌዳውን ሳይሆን አፌን ነበር የሚያየው።

"ቆይ" አለ። "በእኛ ቋንቋ 'ነን ሂካ' ያለ ይፈታታል። 'ነን ሂከማ' ያለ እሱ ይፈታል። 'ማ' አለችበት። እኔ 'ማ' ብዬአለሁ፤ ያ ሰውዬም ሰምቷል። 'ማ'ዋ የት ሄደች?"

"አማርኛ እሷን አይጽፋትም።"

"ታዲያ የት ያደርጋታል?"

"አንባቢው ራሱ በትንፋሹ ይጨምራታል።"

ትክ ብሎ አየኝ። የምቀልድበት መስሎት ነበር። "ይህን ለእሷ ነግረሃታል?" አለኝ።

አልነገርኳትም ነበር። ጠይቃኝ፣ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አድርጋ ጠይቃኝ፣ ተቆጥቼ መልሻታለሁ። ይህን በዚያች ሰዓት በሠላሳ ሴት ፊት አፌን ሞልቼ ማለት አቃተኝ። "ነገ አብሬህ ልሂድ፤ እኔ ላንብብላት" ብቻ አልኩት።

በማግስቱ ለጉዞ የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው "የጉዞው ምክንያት?" አለኝ። ምን ልበል? "የንባብ ስህተት ለማረም" አልኩ። እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። "ሊሙ ድረስ?" "ሊሙ ድረስ" አልኩት። ሳቁን እንደ ምንም ውጦ ማኅተሙን መታልኝ። ወደ ጅማ ወጥተን፣ ከጅማ የጭነት መኪና ላይ ተሰቅለን ሊሙ ገነት እስክንደርስ ባልየው ብዙም አላወራም። አንዴ ብቻ "ቀኑን ግድግዳው ላይ በጥፍሬ እየጫርኩ ነበር የምቆጥረው" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሰምቼ ስለ ግድግዳና ስለ ጥፍር ለደብተሬ የሚሆን ነገር አላጣም ነበር። ደብተሩን ግን የቡ ትቼው ነው የመጣሁት፤ ላየው አልፈለግኩም።

የአባትየው ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ግቢው ውስጥ እሸት ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሽማግሌው በእጃቸው እያገላበጡ ነበር። ሰላምታችንን ተቀበሉ፤ አማቻቸውን ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። "ልጄን በወረቀት ፈትተህ አሁን በእግርህ መጣህ?" አሉት።

"አባቴ፣ ስህተት ነው" አልኩ እኔ። "ልጅዎን አልፈታትም። ፊደሉ ነው ያሳሳታት።"

"ፊደል ደግሞ ሰው ማፋታት ጀመረ?" አሉኝ። ወደ ቤቱ ዞረው ጠሯት።

ደፍ ላይ መጥታ ቆመች። ከስታለች። ባሏን አላየችውም፤ ወደ እኔ ነው ያየችው። ደብዳቤውን ለመንኳት፤ ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ያቺ ቃል ላይ ስደርስ ሽማግሌውም እንዲሰሙ "ፈ"ንም "ታ"ንም የቻልኩትን ያህል አጠበቅኳቸው። ከዚያ በኦሮምኛ ነገርኳት፤ ነን ሂከማ ነው ያለው፣ ይኸው ወጥቶ መጥቷል አልኳት።

ወረቀቱን ተቀብላኝ ጥፍሯን ከቃሏ ሥር አደረገች። "ይቺ ናት?"

"አዎ።"

"አሁንም ምልክት የላትም።"

"የላትም" አልኩ። ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞሬ መለፍለፍ ጀመርኩ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የፊደሉ ነው፣ የእኔም ነው፤ ጀማሪ አንባቢ ሁሉ እያላላ ነው የሚያነበው፤ ማንም ቢሆን በእሷ ቦታ እንዲሁ ያነብ ነበር። ባልየው ፊቱ ፈካ። "አልሐምዱሊላህ" ሲል ሰማሁት። እኔም ትንፋሼን ለቀቅኩ፤ ያበቃ መስሎኝ።

"አትዋሽልኝ፣ በርሲሳ" አለች።

ወደ እሷ ዞርኩ።

"ጀማሪ ስለሆንኩ አይደለም። ምን ሊል እንደሚችል አስቢና አንብቢ ብለኸኝ የለ? አስቤ ነው ያነበብኩት።" ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባሏ ዞረች። "ሰባት ዓመት አብሬህ ስኖር ልጅ አልወለድኩልህም። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስጠብቅ ነው የኖርኩት። መኪናው በወጣ ቁጥር፣ ዛሬ ሰው ልኮ ይለኛል እል ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ይኸው መጣ አልኩ። ሌላ ነገር ይል ይሆን ብዬ እንኳ አልፈለግኩም።"

አራት ወር ሙሉ ይህችን ሴት ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኜ አይቻታለሁ። ጣቷን፣ ጥፍሯን፣ ሰፌዷን ጽፌአለሁ። ሰባት ዓመት ይዛው የምትዞረውን ፍርሃት ግን አላየሁም፤ አልጠየቅኩምም። በዚያች ደቂቃ የጠላሁትን ያህል ራሴን ጠልቼ አላውቅም። ፊደሉን መሳደብ ቀላል ነበር።

ባልየው ግን ተቆጣ። "እኔ ሲሚንቶ ላይ ተኝቼ ላንቺ ቀን ስቆጥር አንቺ ይህን ታስቢልኛለሽ?" አለ፤ ድምፁ ግቢውን ሞላው። "አንድ ቀን ስለ ልጅ አንስቼብሽ አውቃለሁ? እፈታሻለሁ ብዬሽ አውቃለሁ?"

"አላልክም" አለች። "አልፈታሽም ብለኸኝም አታውቅም።"

ሽማግሌው ቡናውን ማገላበጥ አቆሙ። ባልየው ወደ እኔ አየ፤ ምን ልርዳው? ከዚያ ጫማውን እያየ፣ በኦሮምኛ "ሲ ሂን ሂኩ" አለ። አልፈታሽም ማለት ነው።

እሷ ከደፉ አልተነቃነቀችም። "በሸሪዓው ፍቺ የሚባለው ሦስቴ አይደል?" አለችው። "ይሄንንም ሦስቴ በለው።"

ሁለተኛውን ቀና ብሎ እያያት አለው። ሦስተኛውን ወደ ደፉ ቀርቦ አለው። እሷም ወደ ውስጥ ገብታ የዕቃዋን ጥቅል ይዛ ወጣች።